የጥሩምባን ጫማ ማን ቸነከረው?

ጠመኔ የሚሏት ሴት የአንድ ዘፋኝ ጫማ ከነእግሩ ከሙዚቃ ስቱዲዮ ወለል ጋር በሚስማር ቸንክራለች ይባላል። እኔ ስሰማው ሚስማሩ ሁለት ነበር፤ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ስድስት ደርሷል። ሐሰት ነው። ሚስማር የሚባል ነገር አልነበረም። ጫማው ግን ነበር።

ጠመኔ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስቱዲዮ የገባችው ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ ወፍራም መጋረጃ እንድትሰፋ ተጠርታ ነው፤ መጋረጃው አለቀ፣ እሷ ቀረች። ጆሮዋ እንደ መቀሷ ስለታም ነበር። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ማን የት እንደሚቆም በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ወለሉ ላይ ታሰምራለች፤ ጩኸተኛ ወደ ኋላ፣ ለስላሳ ወደ ፊት። ስሟም በዚያው ጠመኔ ሆኖ ቀረ።

የጫማው ነገር የሆነ ቀን ሁለት ቡድኖች አንድ የሶል ሙዚቃ ነጠላ ዜማ በቅብብል ሊቀዱ መጡ። ሦስቱን ሴቶች የምትመራው የጠመኔ ታላቅ እህት ናት። አራቱን ወንዶች የሚመራው ደግሞ ጥሩምባ የሚሉት ሰውዬ ነው፤ «እንዴት አደራችሁ» ሲል ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል።

ቀረጻው ሳይጀመር እህቷ ጠመኔን ወደ መጋረጃው ጥግ ሳበቻት።

«መስመሬን ወደ ማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ብታስጠጊልኝስ?»

«ባለፈው ሳምንት ድምፅሽን ሰምቼ ነው ያሰመርኩት፣ እትዬ።»

«ያ ድምፅ ዛሬ የለም።»

ነገሩን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እህትየው ጉሮሮ ውስጥ እባጭ ተገኝቷል፤ ነገ ጠዋት ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ትዘፍን እንደሆነ ሲጠየቅ ሐኪሙ «እናያለን» ብሏል። ማየቱ የሐኪሙ ነው፤ መሆኑ ግን የታማሚዋ።

«እንግዲያው ንገሪያቸውና ላስጠጋሽ።»

«አዝነውልኝ እንዲዘፍኑ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ሳይነገራቸው ባስጠጋሽስ? ለእህቷ አደላች ሊሉኝ ነው።»

እህቷ ሄዳ መስመሯ ላይ ቆመች።

ጥሩምባ ስሜት ሲይዘው እግሩ አይታዘዘውም። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ መስመሩን አልፎ ማይክሮፎኑ ስር ደረሰ፤ ሦስቱ ተቀባዮቹም እንደ ጫጩት ተከተሉት። የእህትየው ድምፅ ተዋጠ። ባለስቱዲዮው ከመቅጃ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ አቁሙ ብሎ እጁን አወዛወዘ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና አለፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማይክሮፎኑን ልታገባው ነው?» አለችው ጠመኔ።

«እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ፣ እመቤት? እግሬን ተቆጪው!»

ሦስተኛው ሙከራ በሳል ተቋረጠ። እህትየው መሐረቧን ከአፏ ስታነሳ ጠመኔን ብቻ አየቻትና አንድ ጣቷን ቀሰረች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረኝ ማለቷ ነው።

ጠመኔ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኛች። የጥሩምባን ሁለት ጫማዎች በሁለት እጆቿ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሁሉም ሳቁ፤ እሷና እህቷ አልሳቁም። ቴፑ መዞር ጀመረ።

አንደኛው ስንኝ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጫማዎቹ ቀለሉባት። ቀና ብትል ጥሩምባ በካልሲው እየሄደ ነው! መጮህ አትችልም፤ ትንፋሿም ይቀዳል። እህቷ አጠገብ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ከሩቅ ያልሰማውን የድምፅዋን መሰንጠቅ ከቅርብ ሰማው። መዝፈኑን ሳያቆም፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በካልሲው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ከራሱ መስመር አልፎ ጀርባው መጋረጃውን እስኪነካ ድረስ አፈገፈገ። ተቀባዮቹም አብረውት። የመጨረሻው ስንኝ የእህትየው ሆነ።

የሚስማሩን ወሬ ያወጣው ባለስቱዲዮው ነው። በመስተዋቱ ዘፋኞቹ የሚታዩት ከወገብ በላይ ብቻ ነበር፤ ሲወጣ ሁለት ባዶ ጫማ ወለሉ ላይ ቆሞ አገኘ። የቀረውን በምላሱ ሞላው።

የዘፈኑ ሸክላ ሲወጣ እህትየው ከሆስፒታል ተመልሳ ነበር፤ አንገቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ የምትነጋገርበት ደብተር ጭኗ ላይ ነበር። ጥሩምባ ሊጠይቃት መጣ፤ ማንም ሳያዘው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ሦስቱም ሸክላውን አዳመጡ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ የእህትየው ድምፅ ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ ይመስላል።

መርፌው ሸክላው መሐል ደርሶ ሲንኳኳ ጠመኔ፣ «አንዲት ስንዝር እኮ ናት። መስጠት ነበረብኝ፣ እትዬ» አለች።

ጥሩምባ ካልሲውን አየ። እህትየው እርሳሷን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።