የተቆረጠ ጥለት

ሰሞኑን ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ ልብስ ስፌት ቤት ካውያ ያሳረረው ጨርቅ ሽታ ወጥቶ ሲቀበለኝ፣ መንገዱ መሃል ቆሜ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ገጨኝ። የተቃጠለ ጥጥ ሁልጊዜ ካዛንቺስ ወደነበረው፣ ዛሬ ወደሌለው የቀበሌ ቤታችን ይመልሰኛል።

ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የድሮ ጎረቤቶች በተገናኙ ቁጥር ስለ ፍቅራችን ያወራሉ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ገመድ ተጋርተን፣ የማን ዘር ምን እንደሆነ ሳንጠያየቅ ኖርን ይባላል። እውነት ነው፣ አልተጠያየቅንም። ሁሉም ስለሚያውቅ መጠየቅ አላስፈለገም።

በግድግዳ የምንዋሰናት እትዬ አስካለ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። እሷ ራሷ ቢሮ ታጸዳ ስለነበር ጭቃ የምትነካው ክረምት ላይ የግቢያችንን በር ስትሻገር ብቻ ነበር፤ ሆኖም የሸክላ ሠሪ ዘር ዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ስለሚታመን፣ ስትገባ ምግባቸውን የሚከድኑ ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ ግን አትከድንም ነበር። «አስኩ እኮ እንደነሱ አይደለችም» ትል ነበር፣ በኩራት። አንድን ሰው ከወገኑ ነጥሎ መውደድ በቀሩት ላይ ያለውን ጥላቻ እንዳለ ለማቆየት እንደሚያመች የገባኝ ካደግሁ በኋላ የሥነ ልቦና መጻሕፍት ሳገላብጥ ነው። እትዬ አስካለ ልጅ ስላልነበራት፣ ከሥራ ስትመለስ ታናሽ እህቴን ምሕረትን አዝላ ግቢውን ትዞር ነበር፤ ምሕረትም የበሩን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጥላት ነበር።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰንብቶ፣ ምሕረት ትኩሳት ያዛት። አባቴ ከጤና ጣቢያ ሽሮፕ ይዞ መጣ። ትኩሳቱ ቶሎ አልበርድ ሲል፣ በግቢው በዕድሜ የሚበልጡት እማማ የሺ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሰሞኑን ‹ወፈረችልኝ› ያላት ማን ነበር?»

«አስካለ… ግን እኮ እማማ፣ እሷ እህቴ ናት።»

«ዓይን እህት ያውቃል እንዴ? በይ ከልብሷ ቁራጭ አምጥተሽ አጥኛት፤ ብቻ እንዳታውቅ።»

እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ መቀስ ይዛ ወጥታ፣ በረንዳው ላይ ከተሰጣው የእትዬ አስካለ ነጠላ የጥለቱን ጫፍ ቆረጠችና ከሰል ላይ ጥላ፣ እህቴን በጋቢ ሸፍና አጠነቻት። በነጋታው ምሕረት ምግብ ጠየቀች። ሽሮፑን ያመሰገነ ሰው አልነበረም።

እትዬ አስካለ ነጠላዋን ስታወርድ አየኋት። የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ዳበሰችው። ልጅ በታመመበት ቤት አጠገብ የእሷ ልብስ ለምን እንደሚቆረጥ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበርና፣ አልጮኸችም፤ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፋ ለብሳ፣ ቤታችን ደጃፍ ቆማ «እንኳን ማረልሽ» አለች። እናቴ «አሜን፣ አስኩዬ» አለቻት፣ ወለሉን እያየች።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ምሕረት እንደ ልማዷ እጆቿን ዘርግታ ስትሮጥ እትዬ አስካለ ፊቷን አዞረችባት። «ሂጂ እናትሽ ጋ፣ የኔ እናት። ዛሬ ደክሞኛል።» በጋውንም ደከማት፤ በልጉንም ደከማት። ምሕረት ደጇ ላይ ቁጭ ብላ በኮልታፋ አፏ «አካለ! ክፈቺልኝ!» እያለች በመዳፏ ስትደበድብ፣ ውስጥ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ይል ነበር።

እማማ የሺ «ነቃንባትና ሸሸች» አሉ። እናቴ ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ «ፀባይዋ ነው፣ ድሮም ኩራት አለባት» ትል ጀመር። እኛ ያቆሰልነውን ሰው ቁስሉን ፀባይ ብለን ስንሰይምለት እንቅልፍ ይወስደናል።

ምሕረት ዛሬ ራሷ የልጅ እናት ናት። በቀደም እናታችን በተዛወረችበት ኮንዶሚኒየም ፎቶ ስናይ፣ እትዬ አስካለ አዝላት የተነሱትን አገኘችና «ይቺ ሴትዮ ግን ምን አድርጌያት ነው የጠላችኝ?» አለች። እናቴ «ፀባይዋ ነበር፣ ልጄ» አለቻት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ምሕረት የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። «በቃ፣ የሸሸችኝ ጠልታኝ ሳይሆን ለእኔ ብላ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ የድሮ ጎረቤት ባገኘን ቁጥር እንጠይቃለን፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ሰው በየዳርቻው ስለተበተነ፣ የት እንደገባች የሚያውቅ አላገኘንም። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ስትስል እንኳ ይሰማን ነበር፣ ግን ይቅርታ የሚላት አልነበረም። ዛሬ እህቴ ልታቅፋት ትፈልጋለች፤ በሕይወት መኖሯን እንኳ አናውቅም።