ስልክ ቤት የጮኽኩት

እኔ ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ጋምቤላ ስመደብ እናቴ «አዞ አለ፣ ወባ አለ» ብላ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር ግን ባሮ ዳር ቆሜ አዞ ያየሁ ቀን እንኳ እንደዚያ ሳምንት አልፈራሁም። ያን ሳምንት ልቤን ያፈረሰው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው።

ክልሉ ክልል ከሆነ ጥቂት ዓመቱ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ፤ አሮጌ ጣራችን ብቻ ነበር። እኔ ታይፒስት ሆኜ መጥቼ፣ የሦስት ሳምንት ኮርስ ወስዳለች ተብዬ የቢሮው የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆንኩ። ሌላ ሰው ስላልነበረ እንጂ ሙያው ኖሮኝ አይደለም።

አብረውኝ የሚሠሩት የአኙዋ ተወላጅ የሆኑ የቀድሞ መምህር ነበሩ። ከየወረዳው በእጅ ተጽፎ የመጣውን የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ስም እሳቸው ያነቡልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። የልጆቹን ስም ስሰብረው ይስቁብኛል። እሳቸው ደግሞ ሲቸኩሉ አማርኛው ሴትና ወንዱ ይደባለቅባቸውና እኔን «አንተ» ይሉኛል፤ በተራዬ እስቃለሁ። እንዲህ ተቻችለን ሁለት ወር ተየብን።

ያ ዝርዝር በዲስኬት ተገልብጦ ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን መሄድ ነበረበት። ስሙ ያልተላለፈ ልጅ ሚኒስትሪ አይፈተንም፤ ዓመት ይጠብቃል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ማን ይጠብቃታል? ትዳራለች። የመምህሩ ልጅ ከከተማው ርቃ ፑኝዶ አያቷ ዘንድ ሆና ነበር የምትማረው። ስሟን ያነበቡልኝ ዕለት ድምፃቸው ከሌላው ጊዜ ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ጋምቤላ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው «ወረቀት መሬት አታስቀምጥ» የሚል ነው። እኔም ተነግሮኛል። የፑኝዶን ወረቀቶች ተይቤ ስጨርስ ካርቶኑን ግድግዳ ሥር ገፋ አድርጌ ተውኩት። ሰኞ ሳነሳው ምስጡ ከሥር ገብቶ ውስጡን ጨርሶታል፤ የቀረው ክዳኑና እፍኝ አፈር ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ አይደል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ማክሰኞ ኮምፒዩተሩ መሞት ጀመረ። ሳጥኑ ጠባብ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ላይ አቧራ ጠጥቶ ይግላል፣ ይግላልና ድርግም ይላል። ዲስኬት ላይ ልገለብጥ ስሞክር መሃል ላይ እየጠፋ ሁለት ዲስኬት አበላሸብኝ። ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ለመክፈት እንኳ ዕድሜ አጣ። ሽቦ ላልቶ ይሆናል ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩና ውስጡ ካለው የኃይል ማከፋፈያ የሚመጡትን ሁለት መሰኪያዎች ነቀልኳቸው። መልሼ ልሰካቸው ስል የቱ በየት በኩል እንደነበር ጠፋኝ። እግዚኦ! ላብ አጠመቀኝ።

ረቡዕ ስልክ ቤት ሄጄ አዲስ አበባ ላለው ባለሙያ ደወልኩ። «መጋዘናችሁ ውስጥ ሆዱ የተቃጠለ ትልቅ ኮምፒዩተር አለ አላልሽም? ሳጥኑና ማራገቢያው ደህና ነው። የትንሹን ሆድ ዕቃ አውጥተሽ ወደዚያ አዛውሪው» አለኝ፤ ድስት ገልብጪ እንደማለት። ስለ መሰኪያዎቹ ስጠይቀው ግን ድምፁ ተለወጠ። ሁለቱም ጥቁርም ቀይም ሽቦ አላቸው፣ ጎን ለጎን ነው የሚሰኩት፣ ከተገላበጡ ቦርዱም ዲስኩም ይቃጠላል አለኝ።

ያን ጊዜ ስልክ ማውራት ማለት መጮህ ነው። በትክክል ሰምቼ እንደሆነ ለማረጋገጥ እሱ ያለኝን እየደገምኩ በወረቀት ጻፍኩ። «ጥቁር ከጥቁር ጋር! እሺ! አንዱ መሃል፣ አንዱ ወደ ዳር ይውጣ! ካልወጣ ይቃጠላል! አዎ፣ ሁሉም ያልቃል!» ጥቁርና ቀይ ከሚሉት ቀለሞች የትኛውን መሃል፣ የትኛውን ዳር እንዳልኩ አሁን አልጽፈውም፤ ምክንያቱ ይደረስበታል።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያየኛል። ያኔ ነው የገባኝ። ጋምቤላ ውስጥ ከደጋ የመጣነው «ቀይ» እንባላለን፤ የአገሩ ሰው «ጥቁር» ይባላል። መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ በሚያድርበት ሰሞን ነው እንግዲህ እኔ ያን የጮኽኩት። «የኮምፒዩተር ነገር ነው» ብዬ ማስረዳት ሲገባኝ፣ ወረቀቴን ጨምድጄ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት የቢሮአችን ጎረቤት የሆኑት ባለሱቅ አንዱን መዝጊያ ገርበብ አድርገው ጠበቁኝ። ከጅማ የመጡ አዛውንት ሙስሊም ናቸው፤ በማንም ነገር የማይገቡ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ አንቺ መንግሥት ቤት ነሽ። ጥቁር ከጥቁር ጋር፣ ቀይ ወደ ዳር ይውጣ፣ ካልወጣ ይቃጠላል የሚል ትዕዛዝ ከላይ መጣ አሉ። አላህ ያውጣን፣ እውነት ነው?»

እኔ ነኝ የጮኽኩት ማለት ነበረብኝ። ግን ወሬ ነዢ ብለው ቢያስሩኝስ? «አልሰማሁም» አልኳቸው። ከዚያ ወሬው በእጅ ጽሑፌ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ባሮ ድልድይ ላይ ሄድኩና ወረቀቱን ብጥስጥስ አድርጌ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት። በቃሌ ይዤዋለሁ ብዬ ነው። አይ ሞኝነት!

ትልቁን ሳጥን ከንብረት ክፍል ለማውጣት ፊርማው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቀ። መምህሩ ሳጥኑን ደግፈው፣ እኔ ብሎን እየፈታሁ ቦርዱን አዛወርን፣ ዲስኩን አዛወርን። ሳጥኑ ሰፊ ነው፤ እጅ እንደ ልብ ይገባል። መጨረሻ ላይ ሁለቱን መሰኪያዎች ያዝኩና ቀረሁ። ጥቁሩ ነው መሃል ወይስ ቀዩ? ወሬውን ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ በየፊናው ሲገለብጠው ስለሰማሁ የራሴ ቃል ጠፍቶብኛል።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ መምህሩ።

«ረሳሁት።»

«ወረቀቱስ?»

«ባሮ ወሰደው።» የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቁን ተዉት።

«ደውል እንጂ።»

«መስመር ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

«ግድ የለም። ቢቃጠልም ከወረዳዎቹ ወረቀት የቻልነውን ያህል እንደገና እንጽፋለን። እኔ አነባለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን።»

ያኔ ዕንባዬ መጣ። «መምህር፣ ወረቀቱ የለም። የፑኝዶውን በሙሉ ምስጥ በልቶታል። ካርቶኑን መሬት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የልጄም?»

«የልጅዎም።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ከዚያ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ስልክ ቤት የጮኽኩትን፣ ባለሱቁን፣ ድልድዩን። ስልክ ቤት የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«አንተ ነህ?! ያ ወሬ ካንተ ነው የወጣው?»

«ከኔ ነው።»

«የኛ ሰፈር ጥቁር ከጥቁር ጋር ሆኖ ወደ ዳር ይውጣ፣ ካልወጣ ይቃጠላል ነው የሚሉት።»

«ሱቁ ጋ ደግሞ ወደ ዳር ይውጣ የተባለው ቀይ ነው።»

ተያየን። ሁሉም የሚፈራውን ነው የሰማው። መምህሩ ተነስተው መሰኪያዎቹን ከእጄ ወሰዱና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ጥቁሮቹን ወደ ውጭ አዞሯቸው፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ሆነ።

«ሁለቱም ወሬ ውስጥ ያለው ጥቁር ከጥቁር ጋር የሚለው ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ። «ዳር ከሆነ፣ ይኸው፣ አይገናኝም። የሚገናኘው መሃል ነው። ቀዩ ነው ዳር የሚወጣው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ግን ልጄ ናት፤ እኔ ልሰካው።» ሰኩት።

ማብሪያውን እኔ ተጫንኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማርያም ማርያም እያልኩ። የጭስ ሽታ ስጠብቅ የትልቁ ሳጥን ማራገቢያ ሲዞር ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ የኮምፒዩተሩ መስታወት በርቷል። ዝርዝሩን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። መምህሩ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ እያስሄዱ ወረዱ፣ ወረዱ፣ አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። የልጃቸውን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጮክ ብለው አነበቡት።

ዝርዝሩ ዲስኬት ላይ እስኪገለበጥ ኮምፒዩተሩ እንዳይጠፋ ሁለታችንም ሳጥኑን እያየን ቁጭ አልን። አልጠፋም። ሲያልቅ ሌላ ዲስኬት ላይ ደገምኩት።

«መምህር፣ ወሬውን አምነውት ነበር?» አልኳቸው።

«እንዴት አላምንም? ሐሙስ ማታ ዕቃዬን አስሬያለሁ። ሚስቴ ድስቱን እንኳ ጠቅልላዋለች።» ዞር ብለው አዩኝ። «አንተስ?»

ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ከከተማው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ኒውላንድ ሰፈር ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ሻንጣ አሰብኩ።

«ታስሯል» አልኳቸው። «እኔም ሐሙስ ማታ ነው ያሰርኩት።»