ጥጥ በመዳፍ ላይ

ማንአለሽ ወገዳ ከተማ የገባችው ልጇን የትናየትን ከትምህርት ቤት ልታስወጣት ነበር። ልጅቱ አንደኛ ክፍልን ደግማም ፊደሉ አልለይ ብሏታል። የክፍሉ በር ላይ ቆማ መምህርቷን አየቻቸው። ዘንድሮ ከሌላ ወረዳ ተዛውረው የመጡ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ነጭ ጋውናቸው የጠመኔ ብናኝ ለብሷል። ሕፃናቱ ሲናገሩ ከንፈር ከንፈራቸውን ትክ ብለው ያያሉ።

የትናየት መዳፍ ላይ ብጣሽ ጥጥ አኖሩና ወደ አፏ አስጠጉት።

«ተ በይ።»

ጥጡ በረረ። መልሰው አኖሩት።

«አሁን ጠ በይ።»

ጥጡ ንቅንቅ አላለም። ልጅቱ ሳቀች። ሰሌዳው ላይ «ተራ» እና «ጠራ» ብለው ጻፉላት፤ ሁለቱንም ለይታ አነበበች።

ማንአለሽ ከግራቸው በኩል «መምህርት» ብላ ተጣራች። አልዞሩም።

«እማ፣ በዚያ ጆሯቸው አይሰሙም፤ በወዲህ ነይ» አለች የትናየት።

ማንአለሽ ዞራ በቀኛቸው ቆመች። «ይኸን ከማን ተማሩት?»

«ከአባቴ። በስድስት ዓመቴ ጆሮዬ ሲታመም ሰዉ ሁሉ ‹ይቺስ አትማርም› አለ። እሳቸው ግን እንዲህ ጥጥ በመዳፌ እያኖሩ ፊደል አስቆጠሩኝ።»

«እኔ ልወስዳት ነበር የመጣሁ።»

«ተያት። ለፋሲካ ደብዳቤ ታነብልሻለች» አሉ መምህርቷ ቁርጥ ባለ ድምፅ፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሩ።

ማንአለሽ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወጣች። ባሏ «ልጅቷስ?» ብሎ ቢጠይቃት «እያነበበች ነው» ልትለው ቆርጣለች።