ቡናማው አርባ አንድ

ሰፈሩ «ሜትሩ» ይለዋል። ጫማ ሰፊ ነው፤ ሰው ገና የሱቁን በር ሲያልፍ አይቶ «ሠላሳ ዘጠኝ፤ ግራህ ትንሽ ሰፋ ይላል» ይልና ልክ ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ይህ ጉደኛ ዓይን የገዛ እግሩን ሳያይ ቀረ!

የሜትሩ እግር ዕድሜ ልኩን አርባ አንድ ቁጥር ነው። ለራሱ የሰፋው ቡናማ ጫማ አልገባ ሲለው ቆዳውን ረገመና በአርባ ሁለት ቁጥር የእንጨት ፎርማ ሌላ ሰፋ። ብዙም ሳይቆይ አርባ ሦስት ገባ። «የዘንድሮ ቆዳ ይኮማተራል» ይላል። ሚስቱም «እንዴ፣ የደንበኞችህስ ለምን አይኮማተርም?» ትለዋለች። ከሥራ መልስ ከጓደኞቹ ጋር ብርጭቆ መጨበጡን ግን አንድም ቀን አላጓደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ።

ያጋለጠው የእሑድ መንገዳቸው ነው። ልጃቸው ዳገቱ ጫፍ ላይ ትኖራለች፤ ባልና ሚስት እያወጉ ይወጡ ነበር። አሁን ግማሹ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አጥር ተደግፎ ይቆማል። ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ጫማውን አስወልቃ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«አባባ፣ ቆዳው ምንም አልሆነም። መጠጡ ልብዎን አድክሞታል፤ ደም መግፋት ሲያቅተው ውሃው እግርዎ ላይ ይጠራቀማል።»

«ይድናል?» አለች ሚስቱ ቀድማ።

«በእኛ ክትትል መጠጡን ከተዉ፣ መድኃኒቱንም ከወሰዱ ተስፋ አለው። ከጠጡ ግን ዳገቱን ይርሱት።»

ሜትሩ ፈራ። ሞቱን ብቻ አይደለም፤ ሚስቱ ዳገቱን ብቻዋን ስትወጣ ታየችው። ተወ። መተው እንዲህ ባፍ እንደሚወራው ቀላል መሰላችሁ? ጣቶቹ ተንቀጥቅጠው መርፌ አልጨብጥ አሉት፤ ጓደኞቹም «መልአክ ሆንክ እንዴ?» እያሉ ተሳለቁበት። ሁሉንም ቻለው።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እግር አበጥ በሚልበት ሰዓት ሆን ብሎ፣ ቡናማውን አርባ አንድ አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ገባለት! ለልጃቸው ደውለው መንገድ ጀመሩ።

ዳገቱ ግማሽ ላይ የቆመችው ሚስቱ ናት። «ቆይ እስቲ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።»

ሜትሩ ክው አለ። መንገድ መሀል ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ጫነና ለቀቀ። ሥጋዋ ወዲያው ተመለሰ። ሌላውንም እግሯን ሞከረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ያየናል!»

«ይየና!» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ደህና ነሽ። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እሆናለሁ! እንዲህ እየሮጥክ ማን ይደርስብሃል?»