ለከርሞ ትሄጃለሽ

ጥሩብርሃን ጀርመን አገር ተምራ ስትመለስ የኮልፌ ሰው የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ዶክተር ሆናለች። በቃ፣ ጉሮሮው የከረከረው፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ የእናቷን በር ያንኳኳ ጀመር። እሷ መርፌ የምትወጋ፣ መድኃኒት የምታዝ ዶክተር እንዳልሆነች ስትናገር ሰዉ ቅር ይለው ነበር።

"ታዲያ የምን ዶክተር ነሽ?" አሏት አንድ ቀን የዕድሩ ዳኛ።

"በጨጓራና በአንጀት ላይ የሚበቅለውን ዕጢ ነው የማጠናው። ነቀርሳውን።"

ሰውዬው አማትበው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ለጉሮሮ እንኳ የሚመጣ ጠፋ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የሰው አካል ሕዋስ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይባዛም። "ተባዛ" የሚል መልእክት ከውጭ ይላክለታል፤ በገጹ ላይ ያለው ተቀባይ መልእክቱን ይቀበልና ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ውስጥ ያሉት እየተቀባበሉ ያደርሱታል። መልእክቱ ሲቋረጥ ሕዋሱም አርፎ ይቀመጣል። ጥሩብርሃን የጠረጠረችው በጨጓራ ዕጢ ውስጥ ተቀባዩ ይዋሻል ብላ ነው። ማንም ሳይልክለት "ተልኮልኛል" እያለ ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ያባዛዋል። አፉን የሚያስይዘውን መድኃኒት ሌላው ይፈልግ፤ እሷ ውሸታሙን ይዛ ካሳየች ይበቃታል። በመሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ላይ ካድሬው ተነሥቶ "ጓድ፣ ይኼ ጥናት ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅመዋል?" ሲላት "ሰፊው ሕዝብም ጨጓራ አለው" አለችው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

ዕጢው ከሆድ እንደወጣ ወዲያው ካልቀዘቀዘ የምትፈልገው ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ረዳቷ ጉዲቱ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ፔርሙስ ይዛ ትቆማለች። በፔርሙሱ ውስጥ የሚያጨሰው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ላም ከሚያዳቅሉ ሰዎች እየተለመነ የመጣ ናይትሮጅን ነው። የጥሩብርሃን የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረው ቀዳጁ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ቁራሹን ያቀብላታል፤ ጉዲቱም ቁጥር ሰጥታ ታስቀምጠዋለች። ስም አይጻፍበትም።

በሽታው ክፉው ሆኖ ሲገኝ ለበሽተኛው አይነገርም። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ይጠራና ለእነሱ ይነገራል፤ ቁራሹን ለጥናት የመውሰዱ ፈቃድም የሚጠየቀው ከእነሱ ነው። በሽተኛው "ቁስል ነው፣ ወጥቶልሃል" ይባላል። ጀርመኖቹ ለሰውዬው ፊት ለፊት ሲነግሩት አይታ ጥሩብርሃን በጭካኔያቸው ተገርማ ነበር። እዚህ እሷ ራሷ ከጎጃም በመጡ ገበሬ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ "አይዞዎት፣ ለአዝመራ ይደርሳሉ" ስትል ድምፅዋ እንኳ ዝንፍ አይልም። ሰውዬው እጇን ስመው ነው የተሸኙት።

ቁራሹ በዛ፣ መመርመሪያው ግን አልተገኘም። ተቀባዩን የሚያጋልጠው ጨረር ያለው ፎስፈረስ በአውሮፕላን ይመጣና በየመጋዘኑ ሲጉላላ ጉልበቱ ያልቃል። ጀርመን አገር ያሉት የድሮ አስተማሪዋ ይኼን ሰምተው በላቦራቶሪያቸው ቦታ ያዙላት፤ በመስከረም ቁራሾቿን ይዛ ትምጣ አሉ። የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት ከቀበሌ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ፓርቲ ስትል እግሯ ነቃ። በመጨረሻ ተፈቀደላት። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

በሰኔ ሆዷን አመማት። ትንሽ ስትጎርስ ይሞላባታል፣ ልብሷም ሰፋባት። ፍቅሬ ሆዷን ከፍቶ ከጨጓራዋ ከፊሉን ቆርጦ አወጣ። ጉዲቱ እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ነበረች፤ ከዚያ ክፍል የሚወጣ የጨጓራ ዕጢ አንድም እንዳያመልጥ ያዘዘቻት ጥሩብርሃን ናት። ፍቅሬ ቁራሹን አቀበላትና ፊቱን አዞረ። ጉዲቱ ልትጥለው አስባ ነበር፤ እጇ እምቢ አላት፤ ቁጥር ሰጥታ ከሌሎቹ ጋር አኖረችው።

ፍቅሬ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እናቷ ወይዘሮ ወለተጻድቅና ብረት ቤት የሚሠራው ወንድሟ አምሐ ቆመው ይጠብቁታል። ነገራቸው። ጉበቷን ይዟል፤ የሚደረግ ነገር የለም።

"ፍቅሬ ልጄ፣ ለሷ እንዳትነግራት" አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

"አልነግራትም፣ እማማ። እሷስ ለሰው እንዲህ አይደል የምታደርገው?"

ስትነቃ "ቁስል ነው" አላት። አመነችው። የሰውን ሁሉ ሆድ የምታነብ ሴት የራሷን እንዴት አጣችው? ያሰኛል። ለቁስልም ቢሆን ጨጓራ እንደሚቆረጥ ታውቃለች፤ ፍቅሬ ደግሞ ጓደኛዋ ነው፣ ለባለሙያ አይዋሽም። ከሁሉም በላይ ግን ማመን ፈለገች። ሞቱን ቀድሞ የሚሻ ማን አለ?

በነሐሴ ጓዟን ልትሸክፍ ስትል ቤቱ ሁሉ ተነሣባት። ወይዘሮ ወለተጻድቅ አለቀሱ። አምሐ "ገና እግርሽ አልጸናም" አለ። ፍቅሬ ከሥራው ቀርቶ ኮልፌ ድረስ መጥቶ፣ የቀረበለትን ሳይነካ "ምን አስቸኮለሽ? አገግሚ እንጂ። ለከርሞ ትሄጃለሽ" አላት። ለከርሞ! ይህን ሲል ምላሱ እንዴት እንዳልታሰረ እንጃ። እሷም ዓመት መቼም ይደርሳል ብላ ቦታውን ለቀቀች፤ ፈቃዱም የቡና በሽታ ለሚያጠና ባልደረባዋ ተላለፈ፣ በመስከረም እሱ በረረ።

ያ ፎስፈረስ በኅዳር አንድ ጊዜ ሳይደክም እጇ ገባ፤ አስተማሪዋ በሰው እጅ የላኩት ትንሽ ዕቃ ነው። ብዙ ቁራሽ አይመረምርም። የመጨረሻዎቹን ጥቂት መርጣ ሞከረች። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ በአብዛኛው ቁራሽ ላይ ተቀባዩን የሚያሳየው መስመር ደብዛዛ ነበር። በአንዱ ላይ ግን ከሰል መሰለ። ውሸታሙ ተቀባይ ማንም ሳይጠራው እየጮኸ ተያዘ። ጥሩብርሃን ጉዲቱን ወገቧን ይዛ አሽከረከረቻት።

"አየሽ? አየሽው? ዘንድሮ ሄጄ ቢሆን ይኼኔ አልቆ ነበር! ግድ የለም፣ ለከርሞ። ይኼን ቁጥር የሰጠሽው ለማን ነው? በሕይወት አለ? ደሙን እፈልጋለሁ።"

ጉዲቱ መዝገቡን አንሥታ ሳትገልጠው መልሳ አስቀመጠችው።

"ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም፣ ዶክተር።"

"ታዲያ ቤተሰቡን አነጋግሪልኝ። ለእነሱ ተነግሯቸዋል አይደል?"

"ተነግሯቸዋል።"

"ለበሽተኛውስ?"

"ለበሽተኛው... አልተነገረም።"

"ደግ" አለች ጥሩብርሃን ፊልሙን ወደ መስኮቱ እያነሣች። "እኔ ራሴ ሄጄ አነጋግረዋለሁ። መቼ ነው የተቀደደው?"

"በሰኔ ነው" አለች ጉዲቱ፤ ፊቷንም በጋዋኗ ሸፍና አለቀሰች።

ጥሩብርሃን ፊልሙን ከመስኮቱ አወረደችው። በሰኔ ማን እንደተቀደደ ለማስታወስ መዝገብ አላስፈለጋትም። እጇ በራሱ ወደ ሆዷ ሄደ።

የምሳ ሰዓት ገና አላለፈም ነበር። ፊት ለፊት ተያይተው በሚቀመጡበት ውይይት ታክሲ ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ መጣች፤ ከፊቷ የተቀመጡት ሰዎች የከሳ ፊቷን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ቤት ስትገባ አምሐ ምሳውን እየበላ ነው፣ እናቷ ለእሷ አጥሚት እያማሰሉ ነው። ሳትቀመጥ ጠየቀቻቸው። ካዱ። አምሐ መሐላ ጀመረ፤ ከመሐሉ አቋረጠችው።

"መስመሩን አይቼዋለሁ! የገዛ ሆዴን በእጄ ይዤ ደስ ብሎኝ ዘልያለሁ! ጉዲቱ ታውቃለች፣ ፍቅሬ ያውቃል፣ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ!"

"ልጄ፣ እንዳትጨነቂ ብለን..."

"በመስከረም እግሬ ደህና ነበር፣ እማዬ! ነግራችሁኝ ቢሆን ሄጄ እጨርሰው ነበር። አሁንማ ደረጃ መውጣት እያቃተኝ ነው። ለከርሞ ስትሉኝ ከርሞ እንደሌለ ታውቁ ነበር።"

ወይዘሮ ወለተጻድቅ አጥሚቱን አወረዱ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ልጃቸውን ቀጥ ብለው አዩአት፤ የሚያፍሩ አይመስሉም ነበር።

"እኔስ ለዚያ አይደል የደበቅኩሽ? ብናገር ትሄጃለሽ። እዚያው ቀርተሽ በሰው አገር ተቀብረሽ፣ የማለቅስበት መቃብር እንኳ ልጣ?"