ወገን ያጣ መርዶ

እናቴ መሞቷን መቱ ውስጥ ከሰው ሁሉ በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። ነጋዴው ያውቅ ነበር፤ ቄሱ ያውቁ ነበር፤ የጎረቤት ሴቶች ያውቁ ነበር፤ ባሌም ያውቅ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ አብረውኝ ሲበሉ ሲጠጡ፣ ልጄን ሲያቅፉልኝ፣ “እናትሽ እንዴት ናቸው?” ሲሉኝ ያውቁ ነበር። ዛሬ አርጅቼ ሳስበው እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም። ይብረድልኝ ብዬም ጸልዬ አላውቅም።

ከቡልጋ የወጣሁት ባገባሁ በዓመቱ ነው። ባሌ ጸሐፊ ነበር። ወደ ኢሉባቦር የተሾመ አንድ መኮንን እጁ የሚነበብ ጸሐፊ ፈለገና እሱ ተመረጠ። እናቴ ያን ጊዜ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ነበረች። ከወለደቻቸው የቀረናት እኔና ወንድሜ ነን፤ ወንድሜ ደግሞ ወታደር ሆኖ ሐረር ወርዷል። ባሌ “በሁለት ዓመት መልሼ አመጣታለሁ” ብሎ ማለላት። እሷ መሐላውን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነችና እኔን ይዛ “ሳልሞት ነይ” አለችኝ። “እመጣለሁ” አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኖርኩት ለዚህች ቃል ነው።

መንገዱ በበቅሎ ከወር በላይ ፈጀ። መቱን ከተማ ብለው የነገሩኝ ሰዎች ምን ነክቷቸው እንደነበር አላውቅም። ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ከሥሩ የሰፋሪው የሣር ቤቶች አሉ፤ ከዚያ በታች ገበያው አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደን ነው። ቡልጋ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ የሚመጣውን ሰው ገና ገደሉን ሲወጣ በአረማመዱ አውቀው ነበር። እዚህ ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም። ዝናቡ ደግሞ ይመሻል ይነጋል እንጂ አያባራም። የሰርጌ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሻገተ። ጉሬዛው ከጓሮ ዛፍ ላይ ሆኖ ሲያየኝ፣ እሱስ ቤቱ ነው፣ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ እል ነበር።

ሰዉ ግን ከዝናቡ ይብስ ነበር። ሰፋሪው አብዛኛው በአባቶቹ ዘመን አብሮ ዘምቶ አብሮ የቀረ ነው። ተጋብቷል፣ ተዋልዷል፣ ጽዋ ይጠጣጣል። ባገኙኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “የማን ወገን ነሽ?” ነው። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም እነግራቸዋለሁ። አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጉና “አላወቅናቸውም” ይላሉ። ጠላ ይቀዱልኛል፣ ቦታ ይለቁልኛል፣ ጨዋታቸው መካከል ግን የሚያስገባኝ የለም። አንዷ ሸምገል ያለች ሴትዮ “አይ እትዬ፣ አንቺ እኮ ለእኛ እንግዳ ነሽ” አለችኝ በሦስተኛው ዓመቴ። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቷን ነው።

ከእነሱ ይልቅ የምቀርበው ልትፈጭልኝ የምትመጣውን ያገሬውን ሴት ነበር። ባሏ ለባሌ የተሰጠ ገባር ስለነበረ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች እህል ትፈጫለች። በፈቃዷ አልነበረም የምትመጣው። ያን ጊዜ ይህ ነውር ሆኖ አልታየኝም፤ ደንብ ነው ብዬ ተቀምጬ አሠራታለሁ። ሆኖም በዕድሜ ትበልጠኝ ነበርና ልጆቿ እንደሚሏት “አዮ” እላታለሁ። የሰፋሪው ሴቶች በዚህ ይሥቁብኝ ነበር። እኔ ከሷ ኦሮምኛ ቃረምኩ፣ እሷም ከእኔ አማርኛ። ለሰው ግን አትናገረውም፤ ሁሉም የማትሰማ ነበር የሚመስለው።

መርዶው የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሸዋ ጨው ይዞ የመጣ ነጋዴ ገበያ ላይ ባሌን ጥግ ይዞ ነገረው። ባሌ ወዲያው የሰፋሪውን ሽማግሌዎች አማከረ። እኔ ያን ጊዜ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አይነገርም። “ትገላገልና” አሉ። ተገላገልኩ። “አራስ ናት፣ ደም ይመታታል” አሉ። አራስነቱ አለፈ። “የልጅቱ ክርስትና ይድረስ” አሉ። ክርስትናው ደረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አሁንስ ማን ይንገራት ሲባል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ የሥጋ ዘመድ ከፊት ሆኖ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ያገር ልጅ ሆኖ ነው። እኔ አንዱም አልነበረኝም። ባል ለሚስቱ የእናቷን መርዶ አይናገርም፤ ሽማግሌዎቹም “የማናውቀውን ሰው ሞት በእኛ አፍ አንጀምርም” አሉ። ባሌ ወንድሜ እንዲመጣ ሐረር ጻፈ። መልስ አልመጣም። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ቀረ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ በዚህ መካከል ለእናቴ ደብዳቤ አስጽፍ ነበር። መጻፍ አላውቅም፤ የሚጽፍልኝ ባሌ ነው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ቀለም ያስነካና “በይ፣ ምን ልበልልሽ?” ይለኛል። ልጅቱ ጥርስ ማብቀሏን፣ ግንባሯ የእናቴን ግንባር መምሰሏን፣ ክረምቱ ሲወጣ እንደምመጣ እነግረዋለሁ። ይጽፋል። አንድ ቀን “እግርሽን ብርድ አታስመቺ፣ ማታ ማታ ቅቤ አስቀቢው ይበሉልኝ” ስለው ብዕሩን አቆመና ውጭ ውጭ አየ። “ምነው?” አልኩት። “ቀለሙ ወፍሮ ነው” አለና ጻፈው። ከደብዳቤው ጋር ከያዮ ደን የመጣ ማር አንድ ገንቦና ኮረሪማ በነጋዴው ላኩ። ነጋዴው በተመለሰ ጊዜ “እናትሽ ደህና ናቸው፣ መርቀውሻል” አለኝ። እጁን ይዤ ሳምኩት። ያ ሰውዬ ዓይኔን አላየኝም ነበር፤ እኔ ጨዋነት መስሎኝ።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንድ ሰሞን ባሌ መጥቶ “ወገን የሌላት አንዲት ነፍስ አለች፤ ሙት ዓመቷን እኔ ላወጣላት ተስያለሁና ደግሺልኝ” አለ። የማን እንደሆነች ብጠይቀው “ያገር ሰው ናት” አለኝ። ልጅ ታቅፌ፣ ወገቤ እየተቆረጠ ጌሾ ወቀጥኩ፣ ጠላ ጠመቅኩ፣ ለድሀና ለካህን የሚበላ ወጥ ሠራሁ። ብቅሉን የፈጨችው አዮ ናት። ለማላውቃት ሴት ይህ ሁሉ ድካም ብዬ አጉረመረምኩ፤ የሰውን ሁሉ ሬሳ እኛ ነን ወይ የምንሸከመው አልኩ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሲመጡ በሩ ላይ ተቀብዬ አስቀመጥኳቸው። ቄሱ የሟቿን የክርስትና ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት። ሰዉ “ነፍስ ይማር” ሲል እኔም የወጥ ጭልፋ እንደያዝኩ “ነፍስ ይማር” አልኩ። ቶሎ እንዲወጡልኝ ነበር የምፈልገው።

ክረምቱ ወጣ። ጥቅምት ላይ ባሌን “ልጅቱም ጠንክራለች፣ ከነጋዴዎቹ ጋር እሄዳለሁ” አልኩት። እሺም እንቢም ሳይል የቡናውን ጭነት ሊመዘግብ ቅርባችን ወዳለችው ቡሬ ወረደ። እኔ ዝምታውን እሺታ አድርጌ ስንቅ ጀመርኩ። ገብስ ቆላሁ። አዮ በቀኗ መጣችና በሶውን ትፈጭልኝ ጀመር።

“ይህ ሁሉ በሶ ለጌቶች ነው?” አለችኝ።

“ለእኔ ነው። እናቴ ዘንድ ልሄድ ነው።”

መጁን አቆመች። ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ አየች። “ማንም አልነገረሽም?” አለች።

“ምኑን?”

“ሀቲ ኬ ዱቴ” አለችኝ በራሷ ቋንቋ። እናትሽ ሞታለች ማለቷ ነው። አልተደናገረኝም፤ ሁለቱንም ቃል ከሷው አፍ የተማርኳቸው ናቸው።

በጥፊ መታኋት። የገዛ እጄ ድምፅ ነው ያስደነገጠኝ። እሷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም፣ ፊቷንም አልሸፈነችም። “ቆይቷል” አለችኝ። “አንቺ ሆድ ነበር። ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ እኔ አልሰማም ይላሉ። ያ ድግስ፣ ብቅሉ፣ የእናት ነው። አንቺ ታውቂ መሰለኝ። አሁን በሶ ሳይ አታውቂም አልኩ።”

ከወፍጮው ሥር ተደፋሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አዮ ዱቄት በዱቄት በሆነ እጇ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትወዘወዝ ነበር፤ አብራኝ ስታለቅስ በእንባዋ አወቅኩ። ያለኝን እንባ ሁሉ ያን ቀን እዚያ ጨረስኩት። ትንሽ ሲለቀኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ “የአንቺስ እናት አለች?” አልኳት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ሞታባታለች። በማግስቱ የመፍጫ ቀኗ ስለነበረ መጥታ ፈጭታ ሄዳለች። ያን ዕለት ዱቄቱ አልላመም ብዬ ተቆጥቼያት እንደነበር ሁለታችንም ትዝ አለን፤ ግን አላነሳነውም።

ባሌ በማግስቱ ጀምበር ሳትጠልቅ ገባ። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ፣ “ያን ሁሉ ደብዳቤ ለማን ነበር የሚጽፉት?” አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወርዶ፣ ገብቶ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

“ማን ነገረሽ?”

አልነገርኩትም። ብናገር አዮን እንደሚያስገርፋት አውቃለሁ። “ያልኩትን ጽፈዋል?” አልኩት።

“አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ሁሉም ሳጥኔ ውስጥ ነው” አለ። “ምን ላድርግ? በዚህ አገር እኔስ ማን አለኝ? ዘመድ ቢኖርሽ በወጉ ያረዱሽ ነበር።”

“መንገዴስ?”

“አሁን ለማን ብለሽ ትሄጃለሽ?”

ቤቷ በሰው እጅ ገብቶ ይሆናል፣ ወንድሜ ሐረር ነው። ለማን ብዬ እንደምሄድ እኔም ጠፋኝ። ባሌ ቀስ ብሎ ቀጠለ። ሰው ሳይሰበሰብ በወሬ ሰማች መባሉ ለእሱም ለሽማግሌዎቹም ውርደት ነው። “ነገ በማለዳ ይመጣሉ” አለ። “እባክሽ፣ እንዳልሰማሽ ሁኚ።”

መጡ። ገና ጎህ ሲቀድ ደጁ ሞላ። አሥራ አራት ወር አፋቸውን የያዙ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ዘመድ ስላልነበረኝ ቄሱ ከፊት ሆኑ። “ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል” አሉኝ። ራሴን መሬት እንዳልጥል ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። እኔ ግን አልወደቅኩም። አልጮህኩም። ዓይኔ ደርቆ ቀረ። ሰዉ ሲጮህ እኔ መካከል እንደ ባላ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ “ምን ዓይነት አንጀት ነው፣ የእናቷ እኮ ነው” ስትል ሰማሁ።

ከዚያ አልቃሿ ተነሣች። ደንቡ የሟቹን መልክና ሥራ አንሥታ እንድታስለቅስ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን እናቴን በዓይኑ ያየ ከእኔና ከባሌ በቀር አልነበረም፤ እኛን ደግሞ የጠየቀን የለም። እሷም የሁሉን እናት የምታለቅስበትን አወጣች። ቁመቷ ሎጋ፣ መልኳ ቀይ፣ ስትራመድ መሬት የማትነካ፣ አዳራሿ በእንግዳ የሞላ አለቻት። ሰዉ ደረቱን መታ።

“እናቴ አጭር ናት” አልኩ።

አልቃሿ አቆመች።

“አጭር ናት፤ ጥቁር ናት። ግራ እግሯን ታነክሳለች። አዳራሽ የላትም።”

ክንዴን የያዘችኝ ሴት “ዝም በይ፣ እትዬ፣ ነውር ነው” አለች በጆሮዬ። ቄሱ ለአልቃሿ በራሳቸው ምልክት ሰጧት፤ ካቆመችበት ቀጠለች። ያቺ ረጅም፣ ቀይ ሴት ተመልሳ መጣች። ሰዉ ለሷ አለቀሰ፣ ባሌም ለሷ አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ እኔም ወድቄ፣ ፊቴን ነጭቼ፣ አይቻት ለማላውቃት ለዚያች ሴት እየጮህኩ አለቀስኩ። ሴቶቹ ክንዴን ለቀቅ አደረጉና “ተመስገን፣ ወጣላት” አሉ።