ቆርቆሮ ሲጮህ የሚተኛው ወታደር

የያዙኝ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ጦርነቱ የተፋፋመበት ጊዜ ነበር። ከጎኔ ለተቀመጡ ወጣቶች ጦርነቱ ሬዲዮው እንደሚለው ቶሎ የሚያልቅ እንዳልሆነ፣ ለምን እንደማያልቅም፣ የተራራውንና የመንገዱን አቀማመጥ ሶፍት ላይ እየሳልኩ አስረዳኋቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛ ማንበብ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛ ከሬዲዮ፣ ካርታ ደግሞ ከአሮጌ አትላስ ለብቻዬ ተምሬያለሁ። ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ግን መጨረሻውን አልጠበቁም።

"አባት፣ ለአንድ ጥያቄ እንፈልግዎታለን" አሉኝ። ትህትናቸው ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በበሩ ሥር የዓሣ ሽታ ያስገባል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለሁ አንድ ቀጭን ወጣት ቦታ ሊሰጠኝ ተነሳ። ወዲያው ከላይ "ዷ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ወጣቱ በቅጽበት ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተዘረጋ። ጉንጩ መሬት ነክቷል፣ እጆቹ ጭንቅላቱ ላይ ናቸው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

"አባ ኮዳ ተኮሰብህ!" አለው አንድ ወፍራም ሰው። የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከእኔ በፊት የገባ። "ተነስ በቃ፣ ጥይቱን ጨርሷል።"

አባ ኮዳ ሐይቁ ዳር የዓሣ ትራፊ የሚለቅመው ትልቁ ወፍ ነው። ጣሪያው ላይ ከባድ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ይሰማናል። ወጣቱ ልብሱን አራግፎ ተነሳና ቦታውን ለቀቀልኝ። የሳቁትን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንለት ወይም ይስቅበት ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ የማልፈው ነገር የለም።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ምንም አባባ። ልማድ ነው።"

"የምን ልማድ?"

"የስልጠና።"

በቀስታ፣ ቃላቱን እየመረጠ ነገረኝ፤ አማርኛ የአፍ መፍቻው አይደለም። ቤተሰቦቹ ከከተማው ወጣ ብሎ እንሰትና ጫት ያለማሉ። ስብሰባ ተብሎ ተጠራ፤ ከስብሰባው በቀጥታ መኪና ላይ ጫኑት። ማሰልጠኛ ገባ። ስልጠናው ሲያልቅ እናቱን ሳያይ ግንባር መሄድ አልሆንልህ አለውና ሳያስፈቅድ መጣ። መናኸሪያ ላይ ያዙት። አሁን ወደ ክፍሉ የሚመልሰውን መኪና ይጠብቃል።

"እንዴት ነው የሚያሰለጥኗችሁ?" አልኩት። ጥያቄዬን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ በራ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ሲነጋጋ እየዘፈኑ ይሮጣሉ። ጠመንጃው ስለማይበቃ እንጨት በጠመንጃ ቅርጽ ጠርበው ይሰጧቸዋል፤ እንጨቱን መሬት ላይ ያስቀመጠ ይቀጣል። አንዱ ሲያጠፋ ጋንታው በሙሉ ጭቃ ላይ ይንከባለላል። በእሾህ ሥር በደረት ይሳባሉ። እውነተኛውን ጠመንጃ ዓይናቸውን ታስረው በየተራ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ ተራ ሳይደርሰው የሚመሽበት አለ። የፍንዳታውን ነገር ስጠይቀው እጁን ወደ ጣሪያው ቀሰረ።

"ዋርካ ላይ ቆርቆሮ ሰቅለዋል። አሰልጣኙ በብረት ይመታዋል። ሲጮህ መተኛት ነው። ፊሽካ ሲነፋ ተነስቶ መሮጥ። ጥይት ለግንባር ነው፣ ለእናንተ ቆርቆሮ ይበቃል ይሉናል።"

"እውነተኛውን ጥይት አልሰማችሁም?"

"በመጨረሻ ቀን። ከኮረብታው በላያችን ተኮሱ።"

"እና ተኛችሁ?"

"ግማሹ ተኛ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።"

"ለምን?"

"ከየት እንደመጣ ለማየት። ድምፁ ቀጭን ነው አባባ። እንጨት ሲሰበር እንደሚጮኸው። እግሬ አላወቀውም።"

ነጋዴው ሳቁን አቆመ። "ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እንዲህ ሆኖ ከሄደ የመጀመሪያዋ ጥይት ትበላዋለች" አለኝ።

"እኔ አስተምረዋለሁ" አልኩ።

"ወታደር ነበሩ እንዴ?"

"አልነበርኩም። ሰዓት መጠገንም ማንም አላስተማረኝም፤ ፒያሳ ግን የእኔን ያህል ሰዓት ያስነሳ ሰው የለም።"

ለነጋዴው ከቤት የሚመጣለት ዳቦ በካኪ ወረቀት ከረጢት ነው። ከረጢቱን ነፍቼ አፉን አነቅኩና በመዳፌ መታሁት። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ወጣው። ልጁ ዞሮ አየኝ።

"ሞተሃል" አልኩት። "ከአሁን በኋላ ይህን ስትሰማ ውደቅ።"

ከቆርቆሮውም ላላቅቀው አስቤ ነበር። ነጋዴው ግን "ተዉት ጋሼ፣ መድፍ እንደ ቆርቆሮ አይደል የሚጮኸው?" አለኝ። ይህን እኔም ላስበው ስል ነው የቀደመኝ።

ሌላ ከረጢት ነፍቼ ሳፈነዳው በሩ በርግጫ ተከፈተ። ጠባቂው መሣሪያውን ደግኖ ገባ። ልጁ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ የምሩን ነበር የወደቀው። ሌሎቹ ወደ ግድግዳው ተለጠፉ።

"ማነው የተኮሰው?"

"እኔ ነኝ" ብዬ የተቀደደውን ከረጢት አሳየሁት።

"ተኛ!"

ከነከረጢቴ ባለሁበት ቆምኩ። "ለጥይት እተኛለሁ ልጄ። ለወረቀት ግን አልተኛም። ምክንያቱን ከጠየቅከኝ እነግርሃለሁ።"

አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ነገርኩት። አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ። ልጁን አየው።

"የት ነው የሰለጠንከው?"

ልጁ ነገረው።

"ቆርቆሮው ዋርካው ላይ ነበር?"

"ዋርካው ላይ።"

ጠባቂው ወጣት ነው፤ ከልጁ ብዙም አይበልጥም። በሩን ከውስጥ ገርበብ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "እስቲ አንዴ ድገሙት" አለ።

ነጋዴው ዳቦውን ጭኑ ላይ ገልብጦ ከረጢቱን ሰጠኝ። አፈነዳሁት። ልጁ ወደቀ። ጠባቂው መሣሪያውን እንደያዘ አንገቱን አዙሮ ድምፁ የመጣበትን ፈለገ።

ማንም አልሳቀም።

"ቆሜያለሁ አይደል?" አለ።

"ቆመሃል።"

በማግሥቱ ጠባቂው የዳቦ ፍርፋሪ ያለባቸው ከረጢቶች በብብቱ ይዞ መጣ። "ከማን እንዳገኛችሁት አታውቁም" አለን። ከዚያ በኋላ አለቃው ዓሣ ሊበላ ሐይቅ ዳር በሄደ ቁጥር እየገባ፣ መሣሪያውን ለነጋዴው መስጠት እየፈራ፣ መሬት ማስቀመጥም እየፈራ፣ ከእነመሣሪያው ይወድቅ ነበር። እኔም "ክርንህን ሰብስብ"፣ "ከድምፁ በፊት አትውደቅ፣ ማታለል ነው" እያልኩ አርማቸው ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ልጁ የከረጢቱ ድምፅ ሳያልቅ መሬት መያዝ ለምዶ ነበር።

መኪናው የመጣው ጠዋት ላይ ነበር። ጠባቂው በሩን ከፍቶ ልጁን በዓይኑ ጠራው። ልጁ የተኛባትን ካርቶን አጥፎ ለነጋዴው ሰጠው። ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አቀናሁት። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"ማሰልጠኛ ፊሽካ ያስነሳናል። እዚያ ፊሽካ የሚነፋ ከሌለስ? ከተኛሁ በኋላ መቼ ነው የምነሳው?"

ከግቢው "ቶሎ በል!" የሚል ድምፅ መጣ። ጠባቂው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ መልሱን እሱም ይጠብቅ ነበር። በሕይወቴ ለተጠየቅኩት ሁሉ መልስ ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜም አንድ ነገር ብዬ ልሸኘው እችል ነበር።

"አላውቅም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ያመሰገነኝ መሰለኝ። ከዚያ ሳይጎነብስ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠባቂውም ተቀየረ፤ ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም። እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ።

ከተፈታሁ ወዲህ ስለ እግረኛ ጦር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። አሁን በዚህች ከተማ ስለ ጉዳዩ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሲቪል ያለ አይመስለኝም። ለዚያች ጥያቄ ግን መልስ አላገኘሁላትም። ሐይቅ ዳር ሻይ የሚጠጡ ጡረተኛ ወታደሮችን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። አንዱ ሳቀብኝ፤ ሌላው ወሬ ቀየረ። ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት አሥር አለቃ በቁም ነገር መለሱልኝ።

"አጠገብህ ያለው ሲነሳ ትነሳለህ" አሉኝ።

"አጠገቤ ያለውስ ማንን አይቶ ነው የሚነሳው?"

ሰውየው አስተናጋጇን ጠርተው ለሁለታችን ሌላ ሻይ አዘዙ።